«ጠበቅ አድርጉልን» ከማለታችሁ በፊት

የቤተሰብ ጤና

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ብዙዎቻችሁ «ብሬስ» ስለምትሉት ነው። ስለ ዋጋው ወይም ስለ ውበቱ ሳይሆን፣ ሽቦው ታስሮ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ በልጃችሁ ድድና አጥንት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር እናወራለን። ይህን ማወቅ ገንዘብም ጥርስም ያድናል።

ጉዳዩ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ቤተሰቦች ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። የጥርስ አሰላለፍ ስፔሻሊስቶች፣ ማለትም ኦርቶዶንቲስቶች፣ በብዛት የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀጠሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን ላይ መውጣት፣ አዲስ አበባ ማደር፣ ከዚያም ያንኑ መንገድ መመለስ ያስፈልጋል። የመኪናው፣ የአልጋው፣ ከሥራና ከትምህርት የመቅረቱ ነገር ሲደመር ከሕክምናው ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮው ጭራሹን ያልፋል። እንግዲህ አንድ ወላጅ «ዶክተር፣ ከሩቅ ነው የመጣነው፤ ጠበቅ አድርጉልንና ቶሎ ይለቅልን» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ልመናው የሚገባ ቢሆንም መልሱ ግን «አይሆንም» ነው። ሐኪሙ ስለማይራራ አይደለም። ጥርስን ከቦታ ወደ ቦታ የሚወስደው ሽቦው ሳይሆን በጥርሱ ዙሪያ ያለው ሕያው አካል በመሆኑ ነው። ሽቦው መልእክት ያስተላልፋል፤ ሥራውን የሚሠራው አካሉ ነው። አካል ደግሞ የራሱ ፍጥነት አለው።

ጥርስ የተቸነከረ ሚስማር አይደለም

ብዙዎቻችን ጥርስ እንጨት ላይ እንደተመታ ሚስማር አጥንት ውስጥ የተተከለ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። የጥርሱ ሥርና አጥንቱ በቀጥታ አይነካኩም። በመካከላቸው ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ሁለት ሦስት የደብተር ቅጠል ቢደራረብ የሚያክል ክፍተት አለ። ክፍተቱ በጥቃቅን የጅማት ክሮች፣ በቀጫጭን የደም ሥሮች፣ በነርቮችና በፈሳሽ የተሞላ ነው።

የድሮውን የጠፍር አልጋ አስታውሱ። የተኛው ሰው እንጨቱ ላይ ሳይሆን በተወጠረው ጠፍር ላይ ነው የሚያርፈው። ጥርስም እንዲሁ ከአጥንቱ ጋር በጅማት ክሮች ተወጥሮ የተንጠለጠለ ነው። እንጀራ ውስጥ የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወዲያው የምትታወቃችሁም በዚሁ ጅማት ውስጥ ባሉ ነርቮች አማካይነት ነው።

ይህ ጅማት ድንገተኛ ጉልበትን ይችላል። ቆሎ ስትቆረጥሙ በጥርሳችሁ ላይ ብዙ ኪሎ ግራም የሚመዝን ጫና ያርፋል፤ ግን ከአንድ ሰከንድ በታች ስለሚቆይ ፈሳሹ እንደ ትራስ ሆኖ ይመልሰዋል። ጥርሱም ካለበት ንቅንቅ አይልም። ለሰዓታት ሳይቋረጥ የሚቆይ ቀላል ግፊት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለጥርስ ጉዞ ከግፊቱ ብዛት ይልቅ ቆይታው ይበልጣል።

ወንዝ ቦታውን እንደሚለውጥ

ከጮቄ ተራሮች የሚነሱትን እንደ ጨሞጋ ያሉ ወንዞች የምታውቁ ሰዎች ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። ሜዳ ላይ የሚጠማዘዝ ወንዝ በአንዱ ዳር አፈሩን እየሸረሸረ ይሄዳል፤ በተቃራኒው ዳር ደግሞ ደለል እየጣለ ይሞላል። ከዓመታት በኋላ የወንዙ ስፋት ያው ነው፤ ቦታው ግን ተለውጧል።

የጥርስ ማደሪያም እንዲሁ ነው። ሽቦው ጥርሱን ወደ ቀኝ ሲገፋው፣ በቀኝ በኩል ያለው ጅማት ይጨመቃል፤ በግራ በኩል ያለው ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል አጥንትን የሚያሟሙ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ ስማቸው ኦስቲዮክላስት ነው። በተወጠረው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት የሚሠሩ ኦስቲዮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ሥራ ይጀምራሉ። አንዱ ወገን ያፈርሳል፣ ሌላው ይገነባል። ጥርሱ ማደሪያውን ይዞ ይሄዳል ቢባል ይቀላል።

ይህን በማይክሮስኮፕ አይተው ካሳወቁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴት ነው። በውሾች ጥርስ ላይ ለሦስት ሳምንታት ሽቦ አስሮ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 አሳተመ። ጥርስን መግፋት ራሱ ግን በጣም የቆየ ሐሳብ ነው። ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ሴልሰስ፣ የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ሌላ ከበቀለ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን በየቀኑ በጣት ወደ ቦታው መግፋት እንደሚገባ ጽፏል።

በሰዓታትና በቀናት ምን ይሆናል?

ቀላል ግፊት ሲያርፍ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ፈሳሹ ቀስ ብሎ ይሸሻል፤ ጥርሱም በክፍተቱ ውስጥ ጥቂት ዘንበል ይላል። በደቂቃዎች ውስጥ በተጨመቀው በኩል የደሙ ፍሰት ይቀንሳል፤ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን ጨምሮ መልእክት አድራሽ ኬሚካሎች ይለቀቃሉ። ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ሕዋሳቱ መልእክቱን ተቀብለው መለወጥ ይጀምራሉ። በሁለት ቀን ገደማ አጥንቱ መሟሟት፣ ጥርሱም መሄድ ይጀምራል።

አሁን ደግሞ «ጠበቅ» የተደረገውን እንይ። ግፊቱ ከበዛ የተጨመቀው የደም ሥር በሰከንዶች ውስጥ ይዘጋል። ደም ያላገኘው የጅማት ክፍል በሰዓታት ውስጥ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ቦታው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕዋስ የሌለው፣ መስታወት የሚመስል ይሆናል። የሞተ ቦታ ላይ ደግሞ ሠራተኛ የለም፤ አጥንቱን የሚያሟሙት ሕዋሳት ከሌላ አቅጣጫ፣ ከአጥንቱ ውስጥ ተነስተው ከኋላ መቆፈር አለባቸው። ይህ ሥራ የሚጀምረው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ሲሆን፣ ጥርሱ የሚንቀሳቀሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በሁለት ቀን ይጀመር የነበረው ጉዞ በጥብቀቱ ምክንያት ቆመ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይህ ነው።

ኦስትሪያዊው ሐኪም ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1932 ተስማሚው ግፊት በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ካለው ግፊት መብለጥ እንደሌለበት ጽፎ ነበር፤ መጠኑንም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ20 እስከ 26 ግራም አድርጎታል። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም ሐሳቡ አልተሻረም። ዛሬ አንድን ጥርስ ለማዘንበል የሚመከረው ኃይል ከ35 እስከ 60 ግራም ነው። የአንድ እንቁላል ክብደት መሆኑ ነው! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምታችኋል፤ ጥርስም በእንቁላል ክብደት ይሄዳል።

ፍጥነቱስ? በጥሩ ሁኔታ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት የሚፈጀውም ለዚህ ነው። «በሦስት ወር እንጨርስላችኋለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ምን ያህል ሚሊ ሜትር ለማንቀሳቀስ እንዳሰበ ጠይቁት።

ጥብቀት ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። አጥንት የሚያሟሙት ሕዋሳት አንዳንዴ የጥርሱን ሥርም ይነካሉ። በአብዛኛው ሰው ላይ ሥሩ የሚያጥረው ጥቂት፣ በራጅ ካልሆነ የማይታወቅ ያህል ነው። ከመቶ ከአምስት በማይበልጡ ሰዎች ላይ ግን ከባድ ይሆናል። የጠፋ አጥንት ተመልሶ ይሠራል፤ ያጠረ የጥርስ ሥር ግን አይረዝምም። ከባድ ኃይልና የተራዘመ ሕክምና አደጋውን ስለሚጨምሩ በሕክምናው መሃል ራጅ ሲታዘዝላችሁ እንደ ትርፍ ወጪ አትቁጠሩት።

ለሩቅ መንገደኛ የሚሻለው

ታዲያ ከደብረ ማርቆስ፣ ከደጀን ወይም ከቢቸና የሚመጣ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ቀጠሮ ማራራቅና ሽቦ ማጥበቅ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጥርስ ሕክምና የገባው የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ሽቦ ሲታጠፍ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለሰው ቀስ እያለ፣ ለረዥም ጊዜ ቀላል ግፊት እየሰጠ ነው። ሐኪሙ ርቀታችሁን ካወቀ በዚህ ዓይነት ሽቦ ቀጠሮውን ወደ ስድስትና ስምንት ሳምንት ሊያራዝመው ይችላል። ስለዚህ «ጠበቅ አድርጉልን» በሚለው ፋንታ «ከሩቅ ነው የምንመጣው፤ ቀጠሮው ሳይጎዳን ምን ያህል ሊራዘም ይችላል?» በሉ።

መንገድ ቢዘጋስ? ሽቦውን በራሳችሁ በፒንሳ ለማውጣት አትሞክሩ። ለሐኪሙ ደውሉ፤ የአፉን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። የሚጎትት ላስቲክ ታዝዞ ከሆነ እንዲቀጥል ወይም እንዲቆም የሚወስነው እሱ ነው። ጫፉ ወጥቶ ጉንጭ የሚወጋ ሽቦ ካለ፣ ለብሬስ በተዘጋጀ ሰም ሸፍኑት። ድድ ለማሳጠብና ለድንገተኛ ችግር በቅርባችሁ ያለ የጥርስ ሐኪም ማወቅም ከጅምሩ ይበጃል።

ሕመሙና ምግቡ

ሽቦ ከታሰረ ወይም ከተስተካከለ በኋላ ሕመሙ በጥቂት ሰዓታት ይጀምራል፣ በማግስቱ ይበረታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ያ የተቆጣ ጅማት ድምፅ ነው። እየበረታ የሚሄድ ወይም ሳምንት ያለፈው ሕመም ግን ለሐኪም ይነገር።

ለማስታገሻ ብዙ ሐኪሞች ፓራሲታሞልን ይመርጣሉ። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ የሚሠሩት ቀደም ብለን ያነሳነውን ፕሮስታግላንዲን በመከልከል ስለሆነ፣ ለቀናት ሲደጋገሙ የጥርሱን ጉዞ ሊያዘገዩ ይችላሉ። ልጁ ለሌላ ሕመም በቋሚነት የሚወስደው መድኃኒት ካለም አስቀድማችሁ ንገሩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥሚት፣ ገንፎ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት ይበቃል። ሽቦው እስኪወጣ ድረስ ግን ቆሎ፣ ከቆረቆንዳው ላይ የሚጋጥ የበቆሎ እሸት፣ ሸንኮራ አገዳና አጥንት መጋጥ ይቅር። ጎጃም ውስጥ ቡና ያለ ቆሎ፣ ክረምትም ያለ እሸት ከባድ መሆኑን እናውቃለን! ሆኖም አንዲት የቆሎ ፍሬ የጥርሱን ማያያዣ ብትነቅለው ያ ጥርስ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ጉዞውን ያቆማል። እሸቱን በቢላ ፈልፍሎ በደንብ ቀቅሎ መብላት ይቻላል።

ድዱ ከታመመ አጥንቱ አይመለስም

ወንዙ በአንድ በኩል ሲሸረሽር በሌላው የሚሞላው ድዱ ጤነኛ ሲሆን ነው። ድድ ቆስሎ፣ በጥርሱ ሥር ቆሻሻ ተጠራቅሞ ሳለ ጥርስ ከተገፋ፣ የሚፈርሰው አጥንት ከሚሠራው ይበልጣል። ስለዚህ የድድ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ መታከም አለበት። ይህ በተለይ ለአዋቂዎች ይሠራል። ብሬስ በዕድሜ አይከለከልም፤ በ40 ዓመትም ጥርስ ይሄዳል፤ አነሳሱ ግን ከልጅ ጥርስ ይዘገያል፣ የድዱ ጤንነትም ወሳኝ ነው። ሲጋራ የሚያጨሱና የስኳር ሕመማቸው በቁጥጥር ሥር ያልሆነ ሰዎችም ይህን ለሐኪማቸው መናገር ይገባቸዋል።

መፋቂያ ለጥርስ ጥሩ ነው፤ የወይራም ሆነ የልምጭ መፋቂያ ስንቱን ጥርስ አቆይቷል። ከሽቦው ሥር ግን አይገባም። ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የግድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ባይቻል ጠዋትና ማታ። የድድ ንቅሳት ያላችሁ እናቶች ደግሞ ንቅሳቱ የድድን መቅላት ስለሚሸፍን፣ ስትቦርሹ ደም መምጣቱንና ማበጡን ተከታተሉ።

ሽቦ ሳይኖርም ጥርስ ይሄዳል

ይህ ሕግ የሚሠራው ሐኪም ቤት ብቻ አይደለም። ከአራትና አምስት ዓመት በኋላም ሌሊቱን ሙሉ ጣቱን የሚጠባ ልጅ፣ በራሱ ጣት የላይኛውን የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ እየገፋ ነው። ግፊቱ ቀላል፣ ቆይታው ረዥም ነውና ይሳካለታል። በኋላ ትምህርት ቤት «ገጣጣ» እየተባለ የሚሰደበው ልጅ ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። በቁጣና በበርበሬ ከማስጣል ይልቅ ማባበልና ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል።

በበሰበሰ ምክንያት ያለጊዜው የተነቀለ የወተት መንጋጋም እንዲሁ ነው። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይተካል» ብለን እንተወዋለን፤ ግን በስድስት ዓመት ገደማ የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ተተኪው ጥርስ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ይቆየዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን «ግግ» እየተባለ በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚደረገው ነው። ሕፃኑ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው፣ ድዱ ላይ የሚታየውን እብጠት የበሽታው ምንጭ ነው ብሎ በስለት መንቀል በብዙ የአገራችን ክፍሎች የኖረ ልማድ ነው። ያ እብጠት ግን ለመብቀል የተዘጋጀ የወተት ክራንቻ ነው። ከአጠገቡ፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበቅለው ቋሚ ክራንቻ ፍሬ ተቀምጧል፤ ስለቱ እሱንም ሊጎዳው ይችላል። ደም መፍሰሱና መመረዙ ሳይነሳ፣ ልጁ ሲያድግ ክራንቻው ይጎድላል ወይም ተበላሽቶ ይበቅላል፤ ጎረቤት ጥርሶችም ወደ ባዶው ቦታ ይዘማሉ። ተቅማጥና ትኩሳት የሚታከመው በጤና ጣቢያ ነው። ይህን ለቤት ሠራተኛችሁም፣ ገጠር ላሉ ዘመዶቻችሁም ንገሩ።

ፍንጭትና ላስቲክ

በእኛ ዘንድ ፍንጭት የውበት ምልክት ነው፤ ስንት ዘፈን ወጥቶለታል። ልጃችሁ ፍንጭቷን ለመዝጋት ከፈለገች ፍላጎቱ የራሷ መሆኑን ጠይቁ፤ ጤና የሚጎዳ ነገር ከሌለው መተውም መልስ ነው። እሷ ከቆረጠች ግን መንገዱ ሐኪም ቤት ብቻ ይሁን። በማኅበራዊ ሚዲያ እንደሚታየው ሁለቱን የፊት ጥርሶች በትንሽ ላስቲክ ማሰር እጅግ አደገኛ ነው። የጥርስ ሥር ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ ተንሸራትቶ ድድ ውስጥ ይገባል፤ ከዓይን ይሰወራል፤ ያንን ሩብ ሚሊ ሜትር ጅማት እየቆረጠ ይወጣል። ፍንጭቱ ሲዘጋ ደስ ያላት ልጅ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለት ጤነኛ ጥርሶቿ ሊነቃነቁና ሊወልቁባት ይችላሉ።

ሽቦው ከወጣ በኋላ

ሽቦው የወጣ ቀን ሕክምናው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። በሥሩ ዙሪያ ያሉት ክሮች እንደገና ለመደራጀት ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጅባቸዋል። ድድን ከጥርስ ጋር የሚያያይዙት ተለጣጭ ክሮች ግን ከዓመት በላይ ጥርሱን ወደ ቀድሞ ቦታው ይጎትቱታል፤ በተለይ ዞሮ የተስተካከለ ጥርስንና የተዘጋ ፍንጭትን። ሪቴነር የሚባለው መያዣ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ ሌሊት ብቻ፣ ሐኪሙ እስካለ ድረስ ይደረግ። የሁለት ዓመት የመንገድ ወጪ በሪቴነር መጥፋት ምክንያት ከንቱ ሲሆን ያሳዝናል።

ለሐኪሙ የሚቀርቡ አምስት ጥያቄዎች

1. ድዱና አጥንቱ ለሽቦ ዝግጁ ነው? ራጅ ታይቷል?
2. የትኛው ጥርስ ምን ያህል ይሄዳል? ስንት ወር ይፈጃል?
3. ርቀታችንን ታሳቢ በማድረግ ቀጠሮው በስንት ሳምንት ይሁን?
4. መምጣት ባንችል በማን ስልክ እንደውል? በቅርባችን ማንን እናማክር?
5. ሪቴነሩ በዋጋው ውስጥ አለ? እስከ መቼ ይደረጋል?

የመጀመሪያ ምርመራ በሰባት ዓመት ዕድሜ ገደማ ቢሆን ይመረጣል፤ ያ ማለት በሰባት ዓመት ሽቦ ይታሰር ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ መልሱ «ጠብቁ» ይሆናል። ጥርስን የሚያክል ነገር በመጠበቅ የሚሻሻል ከሆነ፣ መጠበቅም ሕክምና ነው።